ከአባዬ አልጋ በላይ ያለው ዛፍ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ ከጻፍኩት ሁሉ ረጅሙ፣ የመብራት ቆጣሪ የሚያነበውን ሰውዬ ላለማናገር ብዬ በራችን ላይ የለጠፍኩት «ውሻ የለም፣ በሩም አልተቆለፈም፣ ይግቡ» የሚል ወረቀት ነው። ወረቀቱን ያነበበው ግን ቆጣሪ አንባቢው ብቻ አልነበረም፤ በዚያው ሰሞን የአባዬ የክት ጫማ ጠፋ። ስለዚህ ጽሑፍ መዘዝ እንዳለው አላጣሁትም። ቢሆንም ይህን ነገር በአፌ ላውራው ብል፣ ሰው ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ መሃሉ ላይ ይጠፋብኛል። ወረቀት ደግሞ ዓይን የለውም።

ዓይን አፋር ነኝ። ይህን የምለው እንድመሰገን አይደለም። በአገራችን ዓይን አፋር ሴት ልጅ ትመሰገናለች፤ የሚያመሰግኗት ሰዎች ግን ታክሲ ውስጥ አብረዋት ተቀምጠው አያውቁም። እኔ አብነት መውረድ ሲገባኝ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ ስጠብቅ ስንት ጊዜ ጦር ኃይሎች ደርሻለሁ። ከዚያ በእግሬ እመለሳለሁ። አባዬ የት እንደቆየሁ ሲጠይቀኝ ወረፋ ነበር እላለሁ። እንጀራዬም እንደ ጠባዬ ነው፤ ነጠላ እቋጫለሁ። የሸማ ተራ ነጋዴዎች ነጠላውን ይልኩልኛል፣ እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ጫፉን እየፈተልኩ እቋጫለሁ። ክር መልስ ስጪኝ አይልም።

ቤታችን መርካቶ ነው፤ ከሸማ ተራ ጀርባ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። መርካቶ ማለት ሰው ጥላውን የሚያሳርፍበት መሬት አጥቶ በሌላ ሰው ጥላ ላይ የሚደርብበት ሰፈር ነው። አባዬ ግን ከአጎቱ የወረሰው አንድ ክፍል ቤትና፣ ከቤቱ ጀርባ ጋቢ የምታህል ቦታ አለው። በዚያች ቦታ ላይ አንድ ትልቅ ዛፍ ነበረን። ግንዱን ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ካልተያያዘ አያቅፈውም። ጫፉን ለማየት ቀና ያለች ሴት ነጠላዋ ከራሷ ላይ ይወድቃል። ላየው ሰው ዛፉ ቦታው ላይ የበቀለ ሳይሆን ቦታው ከዛፉ ሥር ተሸጉጦ የተረፈ ይመስላል።

ስሙን የሚያውቅ አልነበረም። «ዛፉ» ነው የምንለው። «ዛፉ ሥር አስቀምጪው»፣ «ዛፉ ጋ ጠብቂኝ» ስንባባል ኖረናል። አለማወቃችን አስጨንቆን አያውቅም። ሰው ጎረቤቱን ዕድሜውን ሙሉ «ጋሼ» እያለ ይኖርና ስሙን የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ለቀብር ሲጠራው አይደል እንዴ የሚሰማው።

ነገሩ የተጀመረው አባዬ ሲሰበር ነው። አባዬ ጫኝና አውራጅ ነው። ፋሲካ ሲቃረብ ከጭነት መኪና ላይ ከነሸክሙ ወደቀና አንድ እግሩ ከጭኑ እስከ ቁርጭምጭሚቱ በጀሶ ተጠቀለለ። ከዚያ በፊት ቤቱን የሚያውቀው ለመኝታ ብቻ ነበር፤ አሁን ቀኑን ሙሉ በጀርባው ተኝቶ ጣሪያ ማየት ሆነ ሥራው። እናቴ ካረፈች ቆይታለች፤ ያለነው እሱና እኔ ነን። ከአልጋው በላይ ቆርቆሮ አለ። ከቆርቆሮው በላይ ደግሞ የዛፉ ትልቁ ቅርንጫፍ፣ እሱ ራሱ ዛፍ የሚያህል፣ ተጋድሞ ነበር። ነፋስ ሲነሣ ቅርንጫፉ ቆርቆሮውን ይፍቀዋል። ድምፁ ሰው ጥርሱን ሲያፋጭ ዓይነት ነው። እኔ መቋጨቴን አቁሜ ቀና እላለሁ። አባዬም ቀና ብሎ ያያል፤ እሱ እንኳ ድሮም ቀና ብሎ ነው።

«ምን አለ ዛሬ?» ይለኛል፣ እንደ ጎረቤት ወሬ።

አልጋውን ለምን አላዞርሽም የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አዙሬዋለሁ። ቅርንጫፉ ቤቱን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖታል። ጭንቅላቱን ካተረፍኩ እግሩ፣ እግሩን ካተረፍኩ ጭንቅላቱ ሥሩ ይገባል። አንድ ቀን ነፋሱ ሲበረታ ትልቁን ብረት ድስት አምጥቼ በራሱ ላይ ልደፋበት ስል እጄን ያዘኝ። «ልጄ፣ ዛፉ እኮ ገና እያሰበበት ነው። አንቺ ቀድመሽ ልትገድይኝ ነው?» አለኝ።

እስከዚያ ድረስ ፍርሃቴ ለራሴም ያሳፍረኝ ነበር። ያረጋገጠልኝ የሽንት ቤቱ ነገር ነው። ግቢያችን ውስጥ ሦስት ቤተሰብ ነን። አንዱ እኛ ነን። ሁለተኛው ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ ከወሎ የመጡ፣ ሚስማር ተራ የሚነግዱ፣ ነገር የሚያውቁ ሰው። ሦስተኛዋ እትዬ ብርቄ ናቸው፤ ከጉራጌ አገር የመጡ በርበሬ ነጋዴ፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት። ሽንት ቤታችን የጋራ ነው፤ ከዛፉ በወዲያ በኩል ያለ የቆርቆሮ ሳጥን። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደዚያ ስሄድ ጋሽ ሰይድ የውሃ ጆጋቸውን ይዘው ሲወጡ ተገጣጠምን። ሽንት ቤት ልገባ እንደሆነ ሰው እንዲያውቅብኝ አልወድም። ስለዚህ ልብስ ለማውረድ የመጣሁ መስዬ፣ ምንም ያልተሰጣበትን ገመድ ነካ ነካ አድርጌ ተመለስኩ። ቤት ገብቼ ሳልቀመጥ ምድር የተሰነጠቀ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ከዛፉ ቅርንጫፎች አንዱ የሽንት ቤቱን ጣሪያ በስቶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሟል። ጋሽ ሰይድ ጆጉን እንደያዙ ደርቀው ቀርተዋል።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ቆይተው። «ሞቱስ ሞት ነው። ግን ለዘመድ ወዳጅ የት ሞተ ብለው ያረዱልኝ ነበር?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ዓይን አፋርነቴ ባይኖር እኔ ውስጥ ነበርኩ። ከዚያ ይልቅ የገደለኝ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ነው፤ ያ የወደቀው ትንሹ ነበር። ትልቁ አባዬ ላይ ነው ያለው፣ ክረምቱም ደጃፍ ላይ ነው።

ቀበሌ ሄድኩ። የምናገረውን በመንገድ ሙሉ አጠናሁት። «ዛፋችን አባቴ ላይ ሊወድቅ ነውና አስቆርጡልኝ።» ወረፋዬ ደርሶ ሰውዬው ፊት ስቆም የቀረኝ «ዛፍ» የምትለው ብቻ ነበረች።

«ምን ዛፍ?» አለኝ።

«ትልቅ» አልኩት።

ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ባሕር ዛፍ ከሆነ ባለቤቱ ይቆርጠዋል፣ ማንም አይጠይቀውም። አገር በቀል ከሆነ ግን፣ ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ዋንዛ የመሳሰለ ከሆነ፣ ከበላይ ሳይፈቀድ የነካ ይከሰሳል። ከዚህ ሁሉ ንግግር እኔ የሰማሁት «ይከሰሳል» የሚለውን ነው። ስለዚህ የዛፉን ስም አጣርቼ እንድመለስ ነገረኝ። እዚህ ላይ «መጥተው ይዩልኝ» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን «እሺ» አልኩ። እኔን ያጠፋኝ «እሺ» ነው። በመቃብሬ ላይ አንድ ቃል ይጻፍ ቢባል እሱ ይጻፍ።

በዚህ ዓይነት ስም ፍለጋ ገባሁ። ሰው የጠፋ ልጁን እንኳ ሲፈልግ ስሙን ይዞ ነው።

ጋሽ ሰይድ ጥያቄዬን ሰምተው ሳያበቁ ዋንዛ ነው አሉ። በአባታቸው ደጅ እንዲህ ያለ ዋንዛ ነበረ፤ ከሥሩ ተቀምጠው ቁርዓን ቀርተዋል፣ ከላዩ ወድቀው ጥርሳቸውን ሰብረዋል። የተሰበረውን ጥርስ ሁሉ አሳዩኝ። እትዬ ብርቄ ከበራቸው ሆነው ሲሰሙ ቆይተው፣ ዝግባ መሆኑ ለዓይነ ስውርም ግልጽ ነው አሉ። በአገራቸው ጀፎረ፣ ማለት በመንደሩ መሃል በሚያልፈው ሰፊ መንገድ ዳር፣ እንዲህ ያለ ዝግባ ቆሞ የሠርግ ፈረስ ሲታሰርበት ያውቃሉ። ድምፃቸው ተቀየረ፤ ዓይናቸውም እንባ ያዘ። እኔ ፈራ ተባ እያልኩ የዋንዛ ቅጠል ሰፊ ነው ይባላል፣ የዚህ ግን የተበጣጠሰ ነው አልኩ፤ በሆዴ ሳይሆን በአፌ ማለቴ ነው፣ ራሴም ደነገጥኩ።

«አዲስ አበባ ያልበጣጠሰችው ማን አለ?» አሉ ጋሽ ሰይድ።

ገባኝ። ዛፉን የሚያየው አልነበረም፤ ሁሉም የሚያየው የገዛ ደጁን ነው። እኔ ደግሞ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ነው፤ የማየው አገር ስለሌለኝ የማየው የአባዬን አልጋ ነበር።

ከወደቀው ቅርንጫፍ ቀንበጥ ቆርጬ ወደ ቅጠላ ቅጠል ሻጮቹ ተራ ወሰድኩ። አንድ ሽማግሌ ቀንበጡን ተቀብለው አሸተቱት፤ አንዷን ቅጠል አኘኳት፤ ዓይናቸውንም ጨፈኑ። አሁን ስሙ ሊመጣ ነው አልኩ። «የሚያምሽ የት ጋ ነው?» አሉኝ። እኔን አይደለም አልኩ። ማንን ነው ሲሉኝ አባቴን ነው አልኩ። ምኑን ሲሉኝ እግሩን አልኩ። ያመጣሁትን ቅጠል ከሌላ ዱቄት ጋር ወቅጠው መልሰው ሰጡኝ፤ በባዶ ሆዱ እንዲጠጣ። ስሙን ስጠይቃቸው ስም የሙያ ምሥጢር ነው አሉኝ። ከዚያ ጠጋ ብለው፣ በሳምንት ስንት ማዳበሪያ ላመጣላቸው እንደምችል ጠየቁኝ። መርካቶ እንዲህ ናት። የማታውቀውን ዕቃ እንኳ አታሳልፍም።

በዚህ መሃል ጉንዳን መጣ። ቆርቆሮው ላይ ከተጋደመው ቅርንጫፍ እየወረደ፣ በግድግዳው ስንጥቅ ገብቶ፣ ሌላ ቦታ የሌለ ይመስል የአባዬን ጀሶ መረጠ። ጀሶ ውስጥ የገባን ጉንዳን ማንም አያወጣውም። አባዬ በሸክም ሥራ ያረጀ ሰው ነው፤ እግሩ ሲሰበር አላለቀሰም። በጉንዳኑ ግን እንባው መጣ። የወጥ ማማሰያ ማንኪያ በጀሶው አፍ እያስገባ ሲያክ አንድ ቀን ማንኪያው ውስጥ ቀረ። አሁንም እዚያው ነው።

ጉንዳን ግራሶ፣ ማለት የመኪና ቅባት፣ አይሻገርም ያለኝ እሱው ነው፤ መኪና ላይ ሲሠራ አይቷል። በራችን አጠገብ ጎማ የሚጠግን ተካ የሚባል ጎሚስታ አለ። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። እሱ ሥራ ላይ ነው፣ እኔ ቀና እስኪል እጠብቃለሁ። ሲያየኝ መጀመሪያ እጄን፣ ከዚያ ከኋላዬ ያለውን መንገድ አየና ጎማው የታለ አለኝ። በመጨረሻ በጣሳ ግራሶ ሰጠኝ፤ አዲስ፣ ቢጫ፣ የሚያብረቀርቅ። በማግስቱ ማለዳ፣ ሰው ሳያየኝ፣ ግንዱን ዙሪያውን እንደ መቀነት አድርጌ ቀባሁት። እጄን በነጠላ ቁራጭ ጠረግኩና ቁራጯን ግንዱ ላይ በወጣች ጉጥ ላይ ሰቅዬ ገባሁ። ይኸው ነው የሠራሁት። በዚህ ላይ ክፋት ያየ ይንገረኝ።

ስወጣ እትዬ ብርቄ ከዛፉ ፊት ቆመዋል። አያወሩም። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አስረውታል፤ ትልቅ ሰው ፊት እንደሚደረገው። ግንዱ ቢጫ ቅባት ተቀብቷል፣ ነጭ ጨርቅም ተሰቅሎበታል። በአገራቸው አድባር የሚባለው፣ ሽማግሌዎች ከሥሩ የሚመርቁበት፣ ቅቤ የሚቀባው ትልቅ ዛፍ ልክ እንዲህ ነው። ማን እንደቀባው ጠየቁኝ። አፌን ከፈትኩ። ጋሽ ሰይድ ወጡ፤ የተካ ደንበኞች ብቅ አሉ፤ ከጎን ግቢ አንዲት ሴትዮ መጣች። አፌን ዘጋሁ።

በማግስቱ በግራሶዬ ላይ እውነተኛ ቅቤ ተደርቦ አገኘሁ። ከሥሩ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ፈንዲሻ ተበትኗል። ወሬው ከተካ ኮምፕሬሰር ፈጥኖ ሄደ። ዛፉ ሽንት ቤቱን ሰብሮ ጋሽ ሰይድን መተዉ ትልቅ ምስክር ሆነ፤ የሚምረውን ያውቃል ተባለ። ቅባቱ ቤንዚን ቤንዚን መሽተቱ ሳይቀር የከተማ አድባር ምልክት ነው ያለች አለች። ጋሽ ሰይድ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም፣ ሃይማኖቴም አይፈቅድም ይላሉ፤ ግን በአጠገቡ ሲያልፉ ራቅ ብለው ዞረው ነበር የሚያልፉት፣ ዕዳውን እንዳልከፈሉት አበዳሪ።

ቅቤው ጉንዳኑን ጠራው። ግራሶ የከለከለውን ቅቤ ጋበዘው። ድሮ ከላይ ብቻ ይወርድ የነበረው አሁን ከታችም እየወጣ በሁለት በር ይገባ ጀመር። አባዬ ተኝቶ ደጁን እየሰማ፣ «እኔን ምን ቢቀቡኝ ነው የሚሻለኝ?» ይላል።

ሰው እንዲስቅ ብዬ ስጽፈው ቀልድ ይመስላል እንጂ እኔ በዚያ ሰሞን እህል አልወርድልኝ ብሎ ነበር። ቅርንጫፉን እፈራለሁ። ክሱን እፈራለሁ። ግራሶ ነው ብዬ ሰዎቹን ማሳፈርን እፈራለሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ዛፉን እንደ ዛፍ ሳይሆን እንደ ሰው መፍራት ጀመርኩ። እውነት አድባር ቢሆንስ? ሌላው ቅቤ ሲቀባው እኔ የጎማ ቤት ግራሶ ለቅልቄበታለሁ። ቆርቆሮው ሲፋቅ የሚያጉረመርመው በእኔ ላይ ይመስለኛል። ባዶ እጄን ሳልፍ ቀስ ብዬ «ይቅርታ» እለዋለሁ። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ከሰው ይልቅ ዛፍ ማናገር እንደሚቀለኝ ያወቅሁት።

አባዬ በቃ ብሎ፣ ትልቁን ቅርንጫፍ ብቻ የሚያወርዱ ሁለት እንጨት ፈላጮች ከአማኑኤል አስጠራ። መጥረቢያቸውን ይዘው መጡ። ቅቤውን አዩ፤ ቄጤማውን አዩ፤ አንደኛው ባርኔጣውን አወለቀ። ልጆች አሉን ብለው ሄዱ። ሲሄዱም ፊታቸውን ወደ ዛፉ አድርገው የኋሊት ነበር።

ይኼ ወሬ ቀበሌ ደረሰ፤ ያ ስሙን አጣሪ ያለኝ ሰውዬ በእግሩ መጣ። ደስ አለኝ፤ አሁን አይቶ ይነግረናል አልኩ። እሱ ግን ቀና አላለም። ቅቤውን አየ፣ ሴቶቹን አየ፣ አንገቱን ነቀነቀ፤ ጉዳዩ ከዛፍነት አልፎ የሕብረተሰብ ጉዳይ ስለሆነ በውይይት ነው የሚፈታው አለ። እሑድ ከሰዓት በኋላ በግቢያችን ስብሰባ ተጠራ። ስብሰባ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ አሁን ታውቁልኛላችሁ።

እሑድ ሰው በርጩማ በርጩማውን ይዞ መጣ። ሰውዬው ልማትና እምነት እንደማይጋጩ ተናገረ። ጋሽ ሰይድ ዋንዛን መቁረጥ ወንጀል ነው አሉ። እትዬ ብርቄ የማን ዋንዛ ብለው ተነሡ። ከጎን ግቢ የመጣችው ሴትዮ ከዛፉ ሥር አፈር ወስዳ የልጇ ሳል እንደቀለለለት መሰከረች። ተካ እጁን አንሥቶ ስለ ግራሶው አንድ ነገር ሊል ሲጀምር ተራህን ጠብቅ ተባለ። እኔ ከበራችን ደፍ ላይ ተቀምጫለሁ፤ አንድ ዓይኔ ስብሰባው ላይ፣ አንድ ዓይኔ አባዬ ላይ። በእንጦጦ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ነፋሱ ተነሣ።

ቅርንጫፉ ተንቋቋ። እንደ ሌላው ጊዜ መፋቅ አልነበረም፤ ከውስጥ የሆነ ነገር ሲለቅ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ቀና አለ። ከዚያ ሁሉም፣ ሰውዬውም ጋሽ ሰይድም እትዬ ብርቄም፣ ከተናጋሪው አፍ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ በርጩማቸውን እየጎተቱ ወደ ግቢው በር ፈቀቅ አሉ። ውይይቱ ቀጠለ። ሁሉም ከቅርንጫፉ ሥር ወጥቷል። ያልወጣው አባዬ ብቻ ነው። ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ ቤት ውስጥ ስለሆነ አይታያቸውም።

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ስናገር ድምፄን ሰማሁት፤ የሌላ ሰው መስሎኝ ዞር አልኩ።

«እኔ ነኝ የቀባሁት። ቅቤ አይደለም፣ ግራሶ ነው። ለጉንዳን ነው።»

 ተካ እውነቷን ነው፣ እኔ ነኝ የሰጠኋት አለ፤ የሰማው የለም። ሁሉም የሚያየው እኔን ነው። እትዬ ብርቄ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ተናገረች» አሉ።

ሹክሹክታው ዞረ። ያቺ የማትናገር ልጅ ተናገረች። ተወልዳ እስካሁን በአደባባይ ድምፅዋን የሰማ አለ? የለም። ታዲያ ማን ነው የተናገረው? የጎን ግቢዋ ሴትዮ እልልታዋን ለቀቀችው። የተናገርኩትን ነገር የያዘው ሰው አልነበረም፤ መናገሬ ብቻ በቂ ሆነ። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን እንደገና አውርደው አጎነበሱልኝ፤ ለእኔ ሳይሆን በእኔ ውስጥ ላለው።

«ምን ያዝዙናል?» አሉኝ።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ ተባልኩ። ያን ሰዓት ወርቅ አምጡ ብል ያመጡልኝ ነበር መሰለኝ። ቁረጡት ብል ይቆርጡት ነበር። እኔ ግን በጉሮሮዬ ላይ ለሁለት ወር የተሰነቀረ አንድ ነገር ነበረኝ። ከቀበሌ በፊት፣ ከስም ፍለጋው በፊት፣ ከግራሶው በፊት ማለት የነበረብኝ ነገር። አፍሬ የተውኩት። የእትዬ ብርቄ ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ ከእኛ በር ለመድረስ ዐሥር ርምጃ አይሞላም። ያን በር አንኳኩቼ አንድ ነገር ላለመለመን ብዬ ነው የመርካቶን ዛፍ አዋቂ ሁሉ ሳስቸግር የከረምኩት።

«አባቴን እርስዎ ቤት ያስተኙልኝ» አልኩ።

እትዬ ብርቄ ቀና አሉ። ወደ ቤታችን አዩ። ከዚያ ወደ ቅርንጫፉ አዩ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት። ነጠላቸውን መልሰው ሳይለብሱ ወደ ቤታችን ሮጡ፤ ሌላውም ተከተለ። አልጋው በበሩ አልወጣ አለ። አባዬን ከነፍራሹ አነሡት። ጋሽ ሰይድ በራስጌ፣ ተካ በወገቡ፣ የቀበሌው ሰውዬ ጀሶውን ታቅፎ፤ ጠብታው መጣል ሲጀምር ነው ከደፉ የወጡት።

«ዕድሜዬን ሙሉ ስጭን ኖሬ ዛሬ ተጫንኩ» አለ አባዬ። «ቀስ በሉ፣ ማንኪያ አለበት።»

ዝናቡ ወረደ። ስብሰባው በሙሉ እትዬ ብርቄ ቤት ገባ። ቤቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የበርበሬ ማዳበሪያ ነው። ገና ቁጭ ሳይሉ ማስነጠስ ተጀመረ፤ ይማርህ፣ ይማርሽ፣ ይማርዎ ሲባባሉ ለመደማመጥ አልተቻለም። እኔ ከአባዬ ፍራሽ አጠገብ ተቀምጬ እጁን ይዤ ነበር። በዚያ ማስነጠስ መሃል ድምፁ መጣ። ቆርቆሮ ሲጨማደድ፣ ከዚያ ጭቃ ግድግዳ ሲወርድ፣ ከዚያ ዝናቡ ብቻ። ማንም አላስነጠሰም። የአባዬ እጅ በእጄ ውስጥ ቀዘቀዘ፤ ወይም የቀዘቀዘው የእኔ ነው።

ሲያባራ ወጥተን አየን። ቅርንጫፉ ጣሪያውን ይዞ ገብቶ አልጋው ላይ ተኝቷል። አልጋው መሬት ሆኗል። ትራሱ የነበረበት ቦታ ላይ ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ የማይሞላው እንጨት ነው ያለው። ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ጋሽ ሰይድ ምንም ቀልድ አልመጣላቸውም።

የቀበሌው ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ቅጠሉን አነሣ። በዚያ ሁሉ ውይይት ቅጠሉን ያየው ያን ጊዜ ነው። ገልበጥ አድርጎ የጀርባውን ነጣ ያለ መልክ አየ።

«ይሄማ ግራቪሊያ ነው» አለ፣ ተናዶ ማለት ይቻላል። ከባሕር ማዶ ለጥላ ብለው ያመጡት ዛፍ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ በነፋስ ይሰበራል፣ ለመቁረጥም ማንንም ማስፈቀድ አያሻውም። የጽሕፈት ቤታቸው አጥር በሙሉ እሱ ነው። ያኔ አስታወስኩ፤ ወረፋ ስጠብቅ ንግግሬን ያጠናሁት አንዱን ተደግፌ ነበር።

ጋሽ ሰይድ እኔም የእንግዳ ነገር ሸትቶኝ ነበር አሉ። እትዬ ብርቄ ግን ስሙን አንድ ሁለት ጊዜ በአፋቸው ሞከሩትና አልጣማቸውም፤ ከሩቅ መጥቶ እዚሁ ካረጀ የእኛው ነው አሉ። ስለ ግራሶው አሁን ግማሹ ያምነኛል፣ ግማሹ አያምነኝም። የጎን ግቢዋ ሴትዮ ከተቀባው ቅርፊት ስባሪ ቆንጥራ ስትሄድ አይቻታለሁ።

ሰው ተበተነ። ከፍርስራሹ ውስጥ የሸማ ተራዎቹን ነጠላዎች አንድ በአንድ ለቅሜ በፌስታል ቋጠርኩ። ቀና ስል እየመሸ ነው፣ ጠብታም ጀምሯል። ለአባዬ ማደሪያ ለምኜለታለሁ። ለራሴ ግን መለመኑን ያን ሰዓት ረስቼዋለሁ፤ አሁን ደግሞ ድፍረቱ አልቋል። ፌስታሌን ይዤ እትዬ ብርቄ በር ላይ፣ ከክፈፉ ሥር ቆምኩ። ውስጥ አባዬ ትራስ ተደግፎ ይበላል። ሰው ሲያየኝ ይጠራኛል ብዬ ዝም አልኩ። ግማሽ ጎኔን ዝናብ ይመታኛል። እትዬ ብርቄ ከድስቱ ዓይናቸውን ሳያነሡ ተናገሩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ በር ላይ ቆመሽ ሌላ ዛፍ አትሁኚብን፤ ግቢና ከአባትሽ ጋ ብዪ።»